ሬጅናልድ ሮዝ

ሬጅናልድ ሮዝ (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1920 – ኤፕሪል 19 ቀን 2002) አሜሪካዊ የቴሌቪዥን ድራማ ደራሲ፣ ጸሐፌ ተውኔትና የፊልም ጽሑፍ ደራሲ ነበር። በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው «አሥራ ሁለት የተቆጡ ሰዎች» (ትዌልቭ አንግሪ ሜን) በተባለው ድርሰቱ ነው። ይህ ድርሰት በ1954 በቀጥታ በተላለፈ የቴሌቪዥን ድራማ ተጀምሮ በቀጣዩ ዓመት ወደ መድረክ፣ በ1957 ደግሞ ወደ ፊልም ተሸጋግሯል። ሮዝ ወደ ደራሲነት የመጣው ከንግዱ ዓለም፣ በተለይም ከማስታወቂያ ሥራ ነው። ደራሲ ከሆነ በኋላ ደግሞ ደጋግሞ የተጋጨው ከዚያው ከማስታወቂያው ዓለም ጋር ነበር። በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ዓመታትና የንግድ ሥራ

ሮዝ የተወለደው በኒው ዮርክ ከተማ፣ ማንሃተን ውስጥ ነው። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 1 ቀን 1913 ዓ.ም. ይውላል። ታውንሴንድ ሃሪስ በተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ሲቲ ኮሌጅ ገብቶ ነበር፤ ሆኖም ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱን አቋረጠ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ1942 እስከ 1946 በአሜሪካ ጦር ሠራዊት አገልግሎ በመቶ አለቅነት ተሰናብቷል።

መተዳደሪያው የቢሮ ሥራ ነበር። ተራ የቢሮ ሠራተኛ፣ የዋርነር ብራዘርስ ፊልም ኩባንያ የማስተዋወቂያ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ በማስታወቂያ ድርጅት ደግሞ የደንበኞች ጉዳይ ኃላፊና ማስታወቂያ ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል። ድርሰት የሚሞክረው ከሥራ ሰዓት ውጭ ነበር። የመጀመሪያውን የቴሌቪዥን ድራማ ለሲቢኤስ ጣቢያ የሸጠው በ1950፣ ዕድሜው ሠላሳ ሊሞላ ሲል ነው። የድራማው ርእስ «የትም የማይደርሰው አውቶቡስ» (ዘ ባስ ቱ ኖዌር) ይባላል።

የማስታወቂያ ጽሑፍ ቃል የሚቆጠርበት ሥራ ነው። አንድ ነገር በጥቂት ሰከንድ ተነግሮ ሰሚውን መያዝ አለበት። የሮዝን ድራማዎች ያነበበ ሰው ይህን ልማድ በቀላሉ ያየዋል። ገጸ ባሕርያቱ ረጅም ትርክት አያወሩም፤ አንድ ሰው በሁለት ዐረፍተ ነገር ማንነቱ ይታወቃል። ከዚያ ሥራ ያገኘው ሌላ እውቀት ደግሞ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣና ገንዘቡን የሚከፍለው ወገን ምን እንደሚፈራ ማወቁ ነው።

የቀጥታ ድራማ ዘመን

በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድራማ በአብዛኛው የሚሠራው ኒው ዮርክ ውስጥ ሲሆን የሚተላለፈውም በቀጥታ ነበር። ተዋንያኑ ስቱዲዮ ውስጥ ሲጫወቱ ተመልካቹ በዚያው ቅጽበት በቤቱ ያያል። ቃል የረሳ ተዋናይ ቢኖር አስቁሞ ማስተካከል አይቻልም። በየሳምንቱ አዲስ ታሪክና አዲስ ገጸ ባሕርያት የሚቀርቡባቸው ፕሮግራሞች ስለነበሩ የድርሰት ፍላጎቱ ከፍተኛ ነበር። ስማቸው ያልታወቀ ጸሐፊዎች በር የተከፈተላቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ፓዲ ቻየፍስኪ፣ ሮድ ሰርሊንግና ሆርተን ፉት ከሮዝ ጋር የዚህ ትውልድ ደራሲዎች ናቸው።

ሮዝ በብዛት የጻፈው «ስቱዲዮ ዋን» ለተባለው የሲቢኤስ ፕሮግራም ነው። የፕሮግራሙ ስፖንሰር የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቹ ዌስቲንግሃውስ ነበር። አንዱ ሰዓት በሦስት ገቢር ይከፈልና በየመሃሉ ቤቲ ፈርነስ የተባለችው ተዋናይ ስለ ማቀዝቀዣና ስለ ምድጃ ታስተዋውቃለች። ድራማው ማስታወቂያው እስኪያልቅ ተመልካቹን አስሮ የሚያቆይ ነገር ላይ መቆም ስላለበት፣ የገቢሩ መጨረሻ የት እንደሚሆን የሚወስነው ታሪኩ ብቻ አልነበረም።

የስፖንሰሩ ሥልጣን ግን ከሰዓት ክፍፍል ያለፈ ነው። ስፖንሰሩን የሚወክለው የማስታወቂያ ድርጅት ጽሑፉን አስቀድሞ ያነባል፤ ገዢ ያስቀይማል ያለውንም ያስወጣል። በዘመኑ ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ በ1959 የሆነው ነው። ስለ ኑረንበርግ ፍርድ በቀረበ ድራማ ላይ «ጋዝ» የሚለው ቃል ድምፁ እንዲጠፋ ተደርጓል፤ ምክንያቱ ከስፖንሰሮቹ አንዱ የጋዝ ኩባንያዎች ማኅበር መሆኑ ነበር። ድራማው ናዚዎች ሰው በጋዝ ስለጨረሱበት ወንጀል ነው።

«ነጎድጓድ በሲካሞር ጎዳና»

ሮዝ ራሱ ከዚህ ሥልጣን ጋር የተጋጨው በማርች 1954 በቀረበው «ነጎድጓድ በሲካሞር ጎዳና» ድራማ ነው። መነሻው እውነተኛ ክስተት ነው። በ1951 በኢሊኖይ ግዛት፣ ሲሴሮ በተባለች ከተማ አንድ ጥቁር ቤተሰብ ነጮች ብቻ በሚኖሩበት ሕንፃ ቤት ተከራይቶ ሊገባ ሲል በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰብስቦ ሕንፃውን አጥቅቷል። ሮዝም አንድ ጥቁር ቤተሰብ ወደ ሰፈር ሲገባ ጎረቤቶቹ ተባብረው ሊያባርሩት ሲነሡ የሚያሳይ ታሪክ ነደፈ።

ጣቢያውና የስፖንሰሩ ወኪሎች አልተቀበሉትም። ጥቁር ሰው የታሪኩ ባለቤት ከሆነ በደቡብ ግዛቶች ያለው ተመልካች ይቀየማል፣ ዕቃም አይገዛም የሚል ስጋት ነበራቸው። ሮዝ ድራማውን ትቶ መሄድ ይችል ነበር። እሱ ግን አዲሱን ጎረቤት ከእስር የተፈታ ሰው አደረገው። ይህንንም ተመልካቹ እስከ ታሪኩ መገባደጃ ድረስ እንዳያውቅ ደበቀው።

የዘዴው ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ተመልካቹ ጎረቤቶቹ ሲንሾካሾኩ፣ ሲዶልቱና ድንጋይ ሲያነሡ ያያል፤ ሰውየው ምን እንዳደረገ ግን አይነገረውም። ስለዚህ ምክንያቱን ከራሱ አእምሮ ያመጣል። ጥቁር ነው፣ አይሁዳዊ ነው፣ ወይም ሌላ የውጭ ሰው ነው እያለ ይገምታል። ሮዝ በኋላ እንደገለጸው ብዙ ተመልካቾች ድራማው ስለየትኛው ወገን እንደሆነ የየራሳቸውን ግምት ይዘው ነበር። ክልከላው የተጣለው ተመልካቹ ስለ ዘር እንዳያስብ ተብሎ ነበር። በዚህ አጻጻፍ ግን ከመጀመሪያው ሐሳብ በላይ እንዲያስብበት ሳይሆን አልቀረም። ቢሆንም ዋጋ ተከፍሎበታል፤ በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ የቆመው ሰው ነጭ ነው፤ የሲሴሮው ቤተሰብ ታሪክም በስሙ ሳይነገር ቀርቷል።

«አሥራ ሁለት የተቆጡ ሰዎች»

በዚያው ዓመት ሮዝ ለጁሪነት ተጠራ። በአሜሪካ ሥርዓት በከባድ የወንጀል ክስ ላይ ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት ዳኛው ሳይሆኑ ከሕዝብ መካከል የተመረጡ ዜጎች ናቸው። እነዚህ ዜጎች ጁሪ ይባላሉ፤ ቁጥራቸውም በተለምዶ አሥራ ሁለት ነው። ዳኛው ችሎቱን ይመራሉ፣ ሕጉን ያስረዳሉ፣ ጥፋተኛ ከተባለም ቅጣቱን ያስታውቃሉ። በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ይህንም ያንንም የሚሠሩት ዳኞች ስለሆኑ ድራማውን ለሚያይ ኢትዮጵያዊ ይህ ልዩነት ቁልፍ ነው። በድራማው የጁሪ አባላቱ በአንድ ድምፅ መስማማት አለባቸው፤ አሥራ አንዱ አንድ ሆነው አንዱ ከተለየ ውሳኔ የለም።

ሮዝ የተቀመጠበት ጉዳይ የሰው መግደል ክስ ነበር። የጁሪ አባላቱ በር ተዘግቶባቸው ለሰዓታት በቁጣ ተከራከሩ። በኋላ እንደጻፈው፣ በዚያ ክፍል ምን እንደተባለና ለምን እንደተባለ ከውስጥ ካሉት ሰዎች በቀር ማንም እንደማያውቅ ሲረዳ ለድራማ የሚሆን ስፍራ እንዳገኘ ገባው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ወጣት አባቱን በሴንጢ ወግቶ ገድሏል ተብሎ ተከሷል፤ ጥፋተኛ ከተባለ የሚጠብቀው ሞት ነው። በመጀመሪያው ድምፅ አሥራ አንዱ «ጥፋተኛ ነው» ሲሉ አንዱ ብቻ፣ ቁጥር 8፣ «አይደለም» ይላል። ይህ ሰው ልጁ ንጹሕ ነው አይልም። የሚለው አላውቅም፣ ሰው ለሞት ከመስጠታችን በፊት እንነጋገር ነው። ከዚያ በኋላ ማስረጃዎቹ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። አምሳያ የለውም የተባለለትን ሴንጢ የሚመስል ሌላ ሴንጢ ቁጥር 8 ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይሰካል። ሮጦ በር ላይ ደርሶ ገዳዩን አየሁ ያለው ሽማግሌ እግሩን የሚጎትት መሆኑ ይታወስና ርቀቱ እዚያው ክፍል ውስጥ በሰዓት ይለካል።

ሰዎቹ ስም የላቸውም፤ የሚጠሩት በቁጥር ነው። ግን እያንዳንዱ የቤቱን ጣጣ ይዞ ነው የመጣው። ቁጥር 3 ከገዛ ልጁ ጋር ተጣልቷል፤ በተከሳሹ ላይ የሚጮኸውም በልጁ ላይ እንደሚጮህ ሆኖ ነው። ቁጥር 10 ከእንደዚያ ዓይነት ሰፈር የወጣ ሁሉ ውሸታም ነው ብሎ ያምናል። የውጭ ተወላጁ ቁጥር 11 ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ለሥርዓቱ ክብር የሚሰጥ ሰው ነው። ተከሳሹ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ድራማው አይናገርም። በሲካሞር ጎዳና ላይ የታየው ዘዴ እዚህም ሠርቷል፤ ባዶውን ቦታ የሚሞላው ተመልካቹ ነው።

ድራማው በ«ስቱዲዮ ዋን» የተላለፈው ሴፕቴምበር 20 ቀን 1954 (መስከረም 10 ቀን 1947 ዓ.ም.) ነው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት ሊጀምር ገና አሥር ዓመት ይቀረው ነበር። ዳይሬክተሩ ፍራንክሊን ሻፍነር ሲሆን ቁጥር 8ን ሮበርት ከሚንግስ፣ ቁጥር 3ን ፍራንሾ ቶን ተጫውተውታል። ትልልቅ ካሜራዎች በአንዲት ጠባብ ክፍል ዲኮር ውስጥ በአሥራ ሁለት ሰው መካከል መንቀሳቀስ ስለነበረባቸው ለስቱዲዮ ሠራተኞቹ ከባድ ሥራ ነበር። ለደራሲው ግን ጠባቡ ክፍል ጥቅም ነበረው፤ በር ተዘግቶ ሰዎች መውጫ ሲያጡ ጭቅጭቁ ራሱ ድራማ ይሆናል። ሮዝ፣ ሻፍነርና ከሚንግስ በ1955 እያንዳንዳቸው የኤሚ ሽልማት አግኝተዋል። ወቅቱ የሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ዘመን፣ ሰው በጥርጣሬ ብቻ ከሥራው የሚባረርበት ስለነበር ብዙ ሐያስያን ድራማውን ከዚያ ጋር አያይዘው ያነቡታል።

ፊልሙና የሕግ ሰዎች ትችት

ተዋናይ ሄንሪ ፎንዳ ድርሰቱን ወደ ፊልም ለመለወጥ ከሮዝ ጋር በሽርክና አዘጋጅ ሆነ። ለዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት ይህ የመጀመሪያው የሲኒማ ፊልም ነበር። ወጪው ወደ 340,000 ዶላር ሲሆን ቀረጻው ከሦስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ፈጅቷል። ፊልሙ በ1957 ሲወጣ ገበያው ደካማ ነበር፤ ሆኖም በበርሊን ፌስቲቫል ወርቃማውን ድብ አሸንፏል። ለሦስት ኦስካርም ታጭቶ ሦስቱንም «በክዋይ ወንዝ ላይ ያለው ድልድይ» ወስዶበታል።

ስለ ሕግ ትክክለኛነቱ የሚነሣ ትችት አለ። በእውነተኛ ችሎት የጁሪ አባል ራሱ መርምሮ ከውጭ ማስረጃ ማምጣት አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ቁጥር 8 ሴንጢውን ገዝቶ ማምጣቱ ስሕተት ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛዋ ሶኒያ ሶቶማየር ፊልሙ በወጣትነቷ ሕግ እንድታጠና እንዳበረታታት ተናግራለች። በዳኝነት ስትሠራ ግን የጁሪ አባላት የፊልሙን ሰዎች እንዳይከተሉ ታሳስብ እንደነበር አብራ ገልጻለች።

«ተከላካዮቹ»

ከ1961 እስከ 1965 የተላለፈው «ተከላካዮቹ» (ዘ ዲፌንደርስ) ሮዝ የፈጠረው ተከታታይ ድራማ ነው። መነሻው በ1957 ለ«ስቱዲዮ ዋን» የጻፈው የሁለት ሳምንት ድራማ ነበር። ባለታሪኮቹ አባትና ልጅ ጠበቆች ሲሆኑ በኢ. ጂ. ማርሻልና በሮበርት ሪድ ተጫውተዋል። በ132 ክፍሎቹ የሞት ቅጣትን፣ የእምነት ነፃነትንና ሥራ የሚያሳጣውን የጥቁር መዝገብ አሠራር አንሥቷል። ሁሉንም ክፍሎች ሮዝ ብቻ አልጻፋቸውም፤ ነገር ግን የታሪኮቹን አቅጣጫ የሚይዘው እሱ ነበር። ድራማው ለሦስት ተከታታይ ዓመታት በምርጥ ድራማነት ኤሚ አሸንፏል፤ ሮዝም ለጽሑፉ ሁለት ጊዜ ተሸልሟል።

ከስፖንሰር ጋር የነበረው ጉዳይ በድጋሚ የፈነዳው በኤፕሪል 1962 ነው። «በጎ አድራጊው» የተባለው ክፍል፣ በፒተር ስቶን የተጻፈ፣ ፅንስ በማስወረዱ ስለተከሰሰ ሐኪም ነበር። ፅንስ ማስወረድ በመላ አሜሪካ ወንጀል በሆነበት ጊዜ ማለት ነው። ሦስቱ ቋሚ ስፖንሰሮች ከዚያ ክፍል ማስታወቂያቸውን አነሡ። አንዳንድ የአካባቢ ጣቢያዎችም አናስተላልፍም አሉ። ሲቢኤስ ግን አልሰረዘውም፤ ስፓይደል የተባለ የሰዓት ማሰሪያ አምራች ክፍት የሆነውን ጊዜ ገዛና ድራማው ተላለፈ።

ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ስፖንሰር ብቻውን የታሪኩን ባለቤት ቆዳ ማስቀየር ይችል ነበር። አሁን ሦስት ስፖንሰሮች አንድ ላይ ወጥተውም ማስቆም አልቻሉም። ለውጡ የመጣው በደራሲው ድፍረት ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ጣቢያዎቹ አንድን ፕሮግራም በሙሉ ለአንድ ድርጅት መሸጥ ትተው ጊዜውን እየከፋፈሉ ለብዙዎች መሸጥ ጀምረው ስለነበር የአንዱ ስፖንሰር ክንድ አጥሯል።

ወደ መድረክ

«አሥራ ሁለት የተቆጡ ሰዎች» ወደ ቴአትር የገባው ቀድሞ በሌላ ሰው እጅ ነው። በ1955 ሸርማን ሰርግል ለመድረክ አዘጋጀው። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የተወሰኑ ወንበሮች ብቻ የሚፈልግ ስለሆነ ለትምህርት ቤትና ለአማተር ቡድኖች ተስማሚ ሆነ። ሴቶች ተዋንያን ባሉበት «አሥራ ሁለት የተቆጡ የጁሪ አባላት» እየተባለ ይቀርባል። በድሃ ስቱዲዮ አቅም ተገድቦ የተጻፈ ነገር ድሃ መድረክንም ሳይቸገር ገባ ማለት ነው።

ሮዝ ራሱ የጻፈው የመድረክ ቅጂ በ1964 ለንደን ላይ ታየ። ጽሑፉን በኋላም ደጋግሞ አሻሽሎታል፤ በ1996 በእንግሊዝ አገር የቀረበውን ያዘጋጀው ጸሐፌ ተውኔቱ ሃሮልድ ፒንተር ነበር። ከዚህ ውጭ ሮዝ ለመድረክ የጻፈው ጥቂት ነው፤ ከነዚህ መካከል በ1962 በኒው ዮርክ የታየው፣ ስለ ትምህርት ቤቶች የዘር መለያየት የሚያወራው «ጥቁሩ ሰኞ» ይጠቀሳል። ያን ያህል አልተሳካም። በቴአትር የሚታወቀው በዚያው በአንዱ ሥራው ነው ማለት ይቻላል።

ድርሰቱ በሌሎች አገሮችም ተሠርቷል። ሕንድ ውስጥ በ1986 «ኤክ ሩካ ሁዋ ፌይስላ»፣ ሩሲያ ውስጥ በ2007 በኒኪታ ሚካልኮቭ «12» የተባሉ ፊልሞች ወጥተዋል። በአሜሪካ በ1997 ለቴሌቪዥን እንደገና ሲቀረጽ ጽሑፉን ያዘጋጀው ሮዝ ነው። በ1954ቱ አሥራ ሁለቱም ነጭ ወንዶች ነበሩ፤ በ1997ቱ አራቱ ጥቁሮች፣ የችሎቱ ዳኛ ደግሞ ሴት ሆነዋል።

ኋለኛ ሥራዎችና ሞት

ሮዝ ለሲኒማ ከጻፋቸው መካከል «የምዕራቡ ሰው» (1958)፣ «የዱር ዝይዎች» (1978) እና ከብራያን ክላርክ ጋር ያዘጋጀው «ሕይወቱ የማን ናት?» (1981) ይገኛሉ። በ1987 የጻፈው «ከሶቢቦር ማምለጥ» ደግሞ በናዚ የሞት ካምፕ ስለተነሣው የእስረኞች አመፅ የሚተርክ የቴሌቪዥን ፊልም ነው። በ81 ዓመቱ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1994 ዓ.ም. በኮነቲከት ግዛት፣ ኖርዎክ ከተማ ዐረፈ።

ዝነኛው ተውኔቱ በብሮድዌይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ከሞተ በኋላ፣ በኦክቶበር 2004 ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ከቀረበ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው። የ1954ቱ ሥርጭት ራሱ ለረጅም ጊዜ ጎድሎ ነበር። የቀጥታ ድራማ የሚቀመጠው ኪኔስኮፕ በተባለ ዘዴ፣ ማለትም የቴሌቪዥኑን ስክሪን በፊልም ካሜራ በመቅረጽ ሲሆን የተገኘው ግማሹ ብቻ ነበር። ሙሉው ቅጂ በ2003 የሳሙኤል ሊቦዊትዝ ንብረት ውስጥ ተገኘ። ሊቦዊትዝ ጠበቃ፣ በኋላም ዳኛ የነበረ ሰው ነው። በ1935 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆሞ የአላባማ ግዛት ጥቁሮችን ከጁሪ ማግለሏ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ተከራክሮ አሸንፏል።